ኮሪደር ላይ የተሰቀለችው ቀበሮ

የሺሐረግ ሰው ሲበላ አታይም። ገበታ ላይ ተቀምጣ እንኳ ዓይኗን ወይ ግድግዳው ላይ ወይ የገዛ እጇ ላይ ታሳርፋለች እንጂ የሰው ጉርሻ አትከተልም። የሰው ሕፃን አቅፋም «ሲያምር» የሚል ቃል አይወጣትም፤ «እደግ» ብላ ለእናቱ ትመልሰዋለች። አሜሪካ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ያሉ የአገር ሰዎች ይህንን ጠባይዋን በየፊናቸው ተርጉመውታል። ግማሹ ጨዋነት ነው ይላል፣ ግማሹ ኩራት። ዓለምጌጥ ግን የዐሥራ ስምንት ዓመት ጓደኛዋ ስለሆነች በዚህ ጉዳይ የሚከራከራት የለም። የሺ የባላባት ልጅ ናት፣ የሰው አፍ አትዪ ተብላ ነው ያደገችው ብላ ለሁሉም አስረድታለች።

የሺሐረግ የቀጥቃጭ ልጅ ናት።

አባቷ ጋይንት ውስጥ፣ ከመንደሩ ወጣ ብለው አንድ ትንሽ ወንዝ ዳር ወናፍ ያናፉ ነበር። ስማቸው ክብረት ነው፤ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ግን አልነበረም። አገሬው ማረሻውንም ማጭዱንም ከሳቸው ይወስዳል፤ አርሶና አጭዶ ሲያበቃ ግን ከሳቸው ጋር አይበላም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ያረፈበትን ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባላል። የሺሐረግ አባቷን ሲመሽ የምታውቃቸው እግራቸውን ታጥበው በጊዜ ሲተኙ ነው። ያንኮራፉ ነበር።

እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። የትምህርት ቤት ልጆች ቆሏቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ይበላሉ፤ እሷ ቀና ካለች ጀርባቸውን ያዞራሉ። ስለዚህ ቀና አለማለትን ተማረች። ከተማረችው ሁሉ ሳይረሳት የቀረው ይኸው ነው።

ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላት አክስቷ አዲስ አበባ ወሰደቻት። ከዚያ ሱዳን ሆነ፣ ከሱዳን ደግሞ ዳላስ። አክስቷ ስትሸኛት እንዲህ ብላ መከረቻት፤ ከየት ነሽ ሲሉሽ አገርሽን ተናገሪ፣ የማን ልጅ ነሽ ሲሉሽ የገበሬ በይ። ዳላስ በገባች በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሥራ አገኘች። የመጀመሪያውን አንሶላ በአንድ በኩል ይዛ ቀና ስትል በሌላው በኩል የቆመችው ዓለምጌጥ ናት። ዓለምጌጥ የመንዝ ሴት ናት። አንሶላው ታጥፎ ሳያልቅ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ስንት ወንድም እንዳላት፣ ለምን እንዳላገባች ጠይቃ ጨርሳ ነበር። የሺሐረግም የገበሬ ልጅ ነኝ አለች። ዓመት ሳይሞላ ዓለምጌጥ ገበሬውን ባላባት አድርጋ ለሰው አዳርሳዋለች። ያኔ ላስተካክለው ብትልም ጊዜው አልፎ ነበር።

መቼስ ዳላስ ውስጥ መኪና የሌለው ሰው እግር የለውም። የሺሐረግ የመንጃ ፈቃዱን ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቃለች። በሦስተኛው ጊዜ ፈታኙ ከመኪናው ወርዶ ትንሽ አየር ወሰደና፣ ለሷም ለሌላውም ሰው ሲባል አውቶቡስ ይሻላል አላት። ከዚያ ወዲህ እግሯ ዓለምጌጥ ናት። ሥራ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሐኪም ቤት፣ ለቅሶ፣ ሁሉም በዓለምጌጥ ኮሮላ ነው። ባልም ልጅም የላትም። እዚህ አገር ብሞት ማን ቆሞ ያስቀብረኛል ብላ ስታስብም ፊቷ ላይ የሚመጣው የዓለምጌጥ መልክ ነው፤ ያም መልክ ለሬሳ ሳጥኑ ዋጋ ከሰዎች ጋር ሲጨቃጨቅ ይታያታል።

ልብስ ማጠቢያውን ከተዉት በኋላ ሁለቱም ሰው የመጠበቅ ሥራ ያዙ። ዓለምጌጥ ጎረቤት ከተማ ዋይሊ ውስጥ አንድ ነርሲንግ ሆም፣ የአዛውንት መጦሪያ ገባች። የሺሐረግን ደግሞ አንድ ኤጀንሲ በ2006 እዚያው ዋይሊ፣ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ላካት። ሚስተር ሃል ይባላሉ። በወጣትነታቸው የአየር ኃይል መካኒክ ሆነው ጃፓን የኖሩ፣ አሁን ሁለቱም ጉልበታቸው አልታጠፍ ያላቸው ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ስሟን ጠይቀው «ዮሺ» አሏት። የሺ ነው ብላ ብታርምም ዮሺ በጃፓንኛ ጥሩ ማለት ነው ብለው በዚያው ጸኑ። የሺሐረግ ከዚህ በባሰ ስም ተጠርታ ስለምታውቅ ተወቻቸው።

ሚስታቸው ጃፓናዊት ነበሩ፣ ፉሚኮ የሚባሉ። የሺሐረግ እዚያ ቤት ከመግባቷ ሦስት ዓመት በፊት ሞተዋል። ዕቃቸውን እዚያው አቅራቢያ ፍሪስኮ የሚኖረው ልጃቸው በካርቶን አድርጎ አውጥቶ ጨርሶታል። አንድ ሥዕል ብቻ ቀርቷል። እሱም የቀረው ልጁ ሊያወጣው በመጣበት ቀን ሚስተር ሃል ወንበር አስጎትተው ከሥሩ ተቀምጠው አልነሣም ስላሉ ነው።

ሥዕሉ የተሰቀለው ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት በሚወስደው ጨለማ ኮሪደር ላይ ነበር። ፀሐይ እንዳያየው ተብሎ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም ፀሐይ ካየ ይሸሻል። ወረቀቱ ከትራስ ልብስ ያንሳል፣ ዕድሜው ግን ከሚስተር ሃልም ከአባታቸውም ይበልጣል አሉ። በላዩ ላይ በሩ በስስ ወረቀት የተሠራ ቤት ይታያል። አንዲት ሰፊ እጅጌ ያለው ቀሚስ የለበሰች ሴት ከቤቱ እየወጣች ነው። ትንሽ ልጅ የቀሚሷን ጫፍ ይዞባት፣ ልታየው ወደ ኋላዋ ጎንበስ ብላለች። ሴትዮዋ ቆንጆ ናት። ወረቀቱ በር ላይ ያረፈው ጥላዋ ግን የሴት ጥላ አይደለም፤ አፈ ሾጣጣ ነው፣ ጆሮው የቆመ፣ ከኋላው ጅራት ያለው።

የሺሐረግ በየሐሙሱ ፍሬሙን በደረቅ ጨርቅ ትወለውላለች። ኤጀንሲው በጻፈላት የሥራ ዝርዝር ውስጥ ይህ የለም፤ ሚስተር ሃል ናቸው የጨመሩት። እየወለወለች ሳለ ከሚስታቸው የሰሙትን ተረት ነገሯት። አንድ ገበሬ ወጥመድ ውስጥ የገባች ቀበሮ ያገኝና ይለቃታል። ሰንበትበት ብሎ አንዲት ሴት ወደ ቤቱ ትመጣለች፤ ይጋባሉ፣ ወንድ ልጅ ይወልዳሉ። ባለሙያ ናት፣ ጎረቤቱም ይወዳታል። አንድ ቀን ሙቀቱ ከብዷት ሸለብ ሲያደርጋት ጅራቷ ከቀሚሷ ሥር ሾልኮ ይወጣል። ልጇ ያያል፤ ለአባቱም ይነግራል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፣ ልጅ ያየውን ይናገራል። ከታወቀባት በኋላ ግን ከሰው ጋር መኖር አይሆንላትም፤ ልጇን ትታ ወደ ጫካዋ ትመለሳለች።

የሺሐረግ ጨርቁን እንደያዘች፣ ማን እንዳስወጣት ጠየቀች። ማንም አላስወጣትም፣ ራሷ ናት የወጣችው አሏት። ይኼ አልገባትም። ብዙ ሐሙስ አሰበችበት። ቤቱ ቤቷ ነው፣ ልጁ ልጇ ነው፣ ባልየውም ሂጂ አላላትም። ቁጭ ብትል ምን ይሏት ነበር?

ሌላ ቀን ደግሞ ሥዕሉ እንዴት እንደተሠራ ነገሯት። በብሩሽ የተቀባ አይደለም፣ በእንጨት የታተመ ነው። አንዱ ሰው በወረቀት ይነድፋል፤ ሌላው ንድፉን እንጨት ላይ ለጥፎ ይጠርበዋል፤ ሦስተኛው ቀለም እየቀባ ወረቀቱን ይጫነዋል። ለየቀለሙ ሌላ ሌላ ጣውላ ይጠረባል። ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው የሴትዮዋን ግንባር አሳዩአት። ፀጉሯ ከቆዳዋ ላይ አንድ በአንድ ሲወጣ ይታያል። እያንዳንዷን ፀጉር እንጨቱ ላይ ለማስቀረት ግራና ቀኙን ነው የሚፍቁት። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ጣውላው ይበላሻል።

የሺሐረግ ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው። ከዚያ ጠራቢው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ጠርዙ ላይ የተጻፈው የነዳፊው ስም ነው፣ የጠራቢው የለም አሏት።

«ቢላዋውን የሠራለት ሰውስ?» አለች።

ሚስተር ሃል ሥዕሉን አርባ ምናምን ዓመት አይተውታል፤ ይህን ጠይቀው አያውቁም። መካኒክ ስለሆኑ ግን ጥያቄው ገባቸው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ስለት እንዴት እንደሚሞረድ ሲያወሩ ሾርባቸው ቀዘቀዘ። የሺሐረግም ብረቱ ከእሳት ወጥቶ ውሃ ሲጠጣ የሚያሰማውን ድምፅ፣ ቀለሙ ገለባ ሲመስልና ደም ሲመስል ያለውን ልዩነት ነገረቻቸው። ከየት አወቅሽ ሲሏት አባቷ ቀጥቃጭ እንደነበሩ ተናገረች። በአሜሪካ ምድር ይህን ቃል ከአፏ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ጎበዝ ነበሩ?» አሉ ሚስተር ሃል።

«ጎበዝ ነበሩ።»

«ኦኬ» አሉና ሾርባው እንዲሞቅላቸው ጠየቁ።

ቤንዚን አራት ዶላር በገባበት በጋ፣ በ2008 መሆኑ ነው፣ ሚስተር ሃል አረፉ። ልጃቸው ቤቱን ሊሸጥ መጣ፤ ለአባቴ ደክመሻል፣ ከዕቃው የወደድሽውን ውሰጂ አላት። ሊሰጣት ያሰበው ትልቁን ቴሌቪዥን ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ሥዕል ስትለው ደስ አለው፤ ሚስቱ ያንን ነገር ቤቷ እንዲገባ አትፈልግም። የሺሐረግ ኤጀንሲው ደግሞ ስጦታ ይከለክላል ብላ ደውላ ጠየቀች። ፎርም ሙዪ አሏት። የዕቃው ዓይነት በሚለው ላይ «የሴት ሥዕል»፣ ዋጋው በሚለው ላይ «አላውቅም» ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን ተፈቀደ።

ሥራ ፈትታ እንዳትቀመጥ ዓለምጌጥ ከራሷ ነርሲንግ ሆም አስገባቻት። ሥዕሉ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሁለት ወር አልጋ ሥር ተኛ። የሺሐረግ የፈራችውን ታውቃለች። ኮሪደር ላይ የሚሰቀል ነገር ሰው ያየዋል፣ ያየ ሰው ይጠይቃል። አንድ ነሐሴ ጠዋት ግን፣ ለምን በዚያን ቀን እንደሆነ ራሷም አታውቅም፣ ሚስማር ገዝታ መጣችና ሰቀለችው። የአፓርትመንቱ ደንብ ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ስለሚከለክል መዶሻውን በካልሲ ጠቅልላ ነበር የመታችው።

ዓለምጌጥ ብዙ ጊዜ ምድር ላይ ካለው ከየሺሐረግ በረንዳ ፊት መኪናዋን አቁማ ጥሩምባ ትነፋለች እንጂ ቤት አትገባም። ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን ዶሮ ሠርቻለሁ ተብላ ገባች። ወጡ ቀረበ። እጄን ልታጠብ ብላ በኮሪደሩ አለፈች። ቧንቧው ሲከፈት ተሰማ፤ ሲዘጋም ተሰማ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም።

እጇ እየተንጠባጠበ ተመለሰች።

«የሺ፣ እዚያ ያለችው ማን ናት?»

«የሚስተር ሃል ሥዕል ናት። ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ሰጠኝ።»

«ቡዳ ናት።»

«ቀበሮ ናት።»

«መንዝ ተወልጄ ነው ቀበሮ የሚጠፋኝ? ቀበሮ እንዲህ ትጎብጣለች? ፊቱ ከፍ፣ ኋላው ዝቅ ያለ ጅብ ነው። ሴትዮዋ ሴት፣ ጥላዋ ጅብ። ለዚህ ሌላ ስም አለው?»

የሺሐረግ ሴትዮዋ የጎበጠችው ልጇን ልታይ ጎንበስ ስላለች መሆኑን አስረዳች። ተረቱንም ከወጥመዱ እስከ ጫካው በአጭሩ ነገረቻት። ዓለምጌጥ ከቃሏ አልተመለሰችም። ዳኛ ይፍረደን ብላ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ፍሪስኮ ቢሮ ለሚሠራው ልጇ ለኢዛና ላከችለት። ኢዛና እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። ወዲያው ደወለና «ማሚ፣ ዶግ ነው? ኪዩት ነው» አለ። ዓለምጌጥ አመስግና ዘጋችው።

ከዚያ ወንበሯን ከገበታው ራቅ አደረገች። ይቺ በዚያ እያየችኝ አልበላም፣ አውርጂልኝና እንብላ አለች። አነጋገሯ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቴሌቪዥኑን ዝጊው እንደማለት ነው።

የሺሐረግም ተነሣች። ልታወርደው ነበር የተነሣችው። አንዲት ሥዕል የዐሥራ ስምንት ዓመት ጓደኝነት አታህልም፤ ይህንን ለማመዛዘን ኮሪደሩ ድረስ መሄድ እንኳ አላስፈለጋትም። ፍሬሙን በሁለት እጇ ያዘች። ዓለምጌጥ ከሳሎን ሆና ማውራቷን አላቆመችም። አይናዲስ ስለምትባል ታናሽ እህቷ ነው የምታወራው። እህት እንደነበራት የሺሐረግ ሰምታ አታውቅም። አምስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ከደጅ ገብታ ተኛች፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች። የሰፈሩ ቀጥቃጭ ነው የበላት። የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ሄዶ ቤቱን አቃጠለው፤ ሰውየው ሚስትና ልጆቹን ይዞ ወጣ፣ ወዴት እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

«ደግ አደረጉ» አለች ዓለምጌጥ።

የሺሐረግ እጇን ከፍሬሙ ላይ አነሣች። ሥዕሉን እንዳለ ትታ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ዓለሜ፣ አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ።»

ዓለምጌጥ ሳቀች። ጓደኛዋ ቀልድ እንደማትችል ትዝ ሲላት ሳቁን አቆመችው።

«ባላባት ነው ያልሽኝ።»

«ባላባት ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ገበሬ ነው ያልኩሽ። እሱም ውሸት ነው።»

ዓለምጌጥ ወጡን አየች። ማን እንደሠራው ገና አሁን የሰማች ትመስላለች። ቀጥላ እጇን አየች፤ ውሃው ደርቋል።

«ዐሥራ ስምንት ዓመት ከእጅሽ በላሁ» አለች።

«በላሽ እንጂ። እኔ ብበላሽ ኖሮ እንዲህ ትወፍሪ ነበር?»

በሌላ ጉዳይ ቢሆን ይህቺ ቃል ሁለቱን ለአንድ ሳምንት ታስቃቸው ነበር። ዓለምጌጥ ከንፈሯ እንኳ አልተነቃነቀም። ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረቻት ጠየቀች።

«ብነግርሽ መኪናሽ ላይ ትጭኚኝ ነበር?»

ዓለምጌጥ ብዙ ነገር ይባልባታል፣ ዋሾ ግን አትባልም። ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ድረስ ሄደች፤ እጀታውን እንደያዘች ዞር አለች።

«ታዲያ አሁን ምን ልትሆኚ ነው?»

«ምን እሆናለሁ» አለች የሺሐረግ። «ቤቴ ነው። ዕቃዬን አጥባለሁ።»

ዕቃው ብዙ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት የኮሮላው ጥሩምባ አልተሰማም። የሺሐረግ መንገዱ ዳር ቆማ ጠበቀች፣ ከዚያ ዓብዱልወሃብ ጋር ደወለች። ዓብዱልወሃብ የወሎ ሰው ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ ጋርላንድ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ከሱ የተሰወረ የለም። ሃይዌይ ሰባ ስምንትን እንደያዙ፣ ዓለምጌጥ ታመመች ወይ አላት። ደህና ናት አለችው።

«ተጣላችሁ በይኛ።»

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?»

«ተዋወቅን» አለችው።

ዓብዱልወሃብ በመስተዋቱ አያት። ማክሰኞም ረቡዕም ሐሙስም ወሰዳት። ሥራ ቦታ ዓለምጌጥ ምሳዋን ይዛ ወደ መኪናዋ ትወጣለች፣ በዚያ ሙቀት ሞተር አስነሥታ ብቻዋን ትበላለች። መተላለፊያው ላይ ሲገናኙ ስለ በሽተኞቹ ብቻ ይነጋገራሉ፤ የስምንት ቁጥሩ ሰውዬ ታጥቧል ወይ፣ አዎ ታጥቧል። የሺሐረግ ማታ ማታ ስልኳን ታያለች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አንድ በአንድ ሲርቋት ይታያታል፤ ምን ምን እንደሚሏትም ታውቀዋለች፣ ሁሉንም በልጅነቷ ሰምታዋለች። ረቡዕ ዕለት ሸዋረገድ የምትባል የማኅበራቸው ሴት ደወለች። የሺሐረግ ቁጭ ብላ ነው ያነሣችው። ሸዋረገድ የፈለገችው ለወሩ ማኅበር የሚቀጥለው ተረኛ ማን እንደሆነ ነበር። ምንም አልሰማችም። ዓለምጌጥ፣ ያቺ የሰው ምሥጢር አፏ ላይ የማያድር ሴት፣ ለአንድ ሰው አልተናገረችም።

ሥዕሉ እንደተሰቀለ ነው። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስትመለስ እንደ ልማዷ ወለወለችው። ሴትዮዋ አንድ እግሯን ከደጃፉ አሳልፋለች። የሺሐረግ ይህን እግር ሁለት ዓመት አይታዋለች፤ በዚያን ዕለት ግን አናደዳት።

ዓርብ ጠዋት ሰማዩ ሳይነጣ ጥሩምባ ተነፋ። የሺሐረግ ለዓብዱልወሃብ ደውላ ዛሬ አትምጣ አለችውና ወጣች። የመኪናውን በር ስትከፍት የጤና አዳም ሽታ እንደ ግድግዳ ገጠማት። ዓለምጌጥ አንድ ዘለላ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች፤ ሌላው መስተዋቱ ላይ ታስሯል፤ ሦስተኛው ከደረቷ ላይ፣ ከመቀመጫው ቀበቶ ሥር ይታያል። ጤና አዳም ቡዳን እንደሚያርቅ ሁለቱም ያውቃሉ። የሺሐረግ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

ኮሮላው ከጋርላንድ ወጣ።

«አይናዲስ አንገቷ አይታጠፍም ነበር» አለች ዓለምጌጥ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ። «ብርሃን አሳመመኝ እያለች ዓይኗን በእጇ ትከልል ነበር። ሰውነቷ እሳት። ሁለት ጊዜ አንቀጠቀጣት።»

የሺሐረግ ዞር ብላ አየቻት።

«ይህን ምልክት ሥራ ላይ በየዓመቱ በቪዲዮ ያሳዩናል። አሳይተው ይፈትኑናል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መቶ ከመቶ ነው የማመጣው። አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን፣ አይናዲስ ትዝ ብላኝ አታውቅም። ሰኞ ቁርሴን ስበላ ነው ድንገት የመጣብኝ።»

«ማጅራት ገትር» አለች የሺሐረግ።

«ማጅራት ገትር።»

ቀይ መብራት ያዛቸው። ከፊታቸውም ከኋላቸውም መኪና አልነበረም፤ ዓለምጌጥ ግን ሕግ ታከብራለች።

«ያ ልጅ ነው አይደል ያሳበቀባት? ቀሚሷን የያዘው።»

«እሱ ነው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«እኔ እንጃ። አምስት ይሆናል።»

«እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር» አለች ዓለምጌጥ። «ልጅቱን ማን አያት እያሉ ሲጠይቁ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከደጅ ቆሎ ስንበላ ቀጥቃጩ አይቶናል አልኳቸው። አይቶናልም፤ አልዋሸሁም። በቅሎ እየጎተተ አለፈ፣ ደህና ዋላችሁ ብሎን። ሲነድ ያየሁት ጣራው ነው። ሚስትየው ነፍሰ ጡር ነበረች።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ዓለምጌጥ አልነዳችም። የሺሐረግ አረንጓዴ ነው አለቻት። ይቅር ልበልሽ እንዳትል፣ የተበደለችው እሷ አይደለችም፤ የተበደለው ሰው የት እንደደረሰ ደግሞ ሁለቱም አያውቁም። እጇን አንሥታ በማርሹ ላይ ባለው በዓለምጌጥ እጅ ላይ አሳረፈች። ዓለምጌጥ እጇን አላሸሸችም። ትንሽ ቆይታ ግን መንዳት አለብኝ አለች።

ነርሲንግ ሆሙ ጋ ሲደርሱ ሰማዩ ነጥቷል። ዓለምጌጥ ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች። ሱፐርቫይዘሯ እንዳታየው ጆሮዋ ላይ ያለውን ዘለላ አውልቃ የዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ማጅራት ገትር ነው ካልሽ፣ ጤና አዳሙ ለምንድነው?» አለች የሺሐረግ።

ዓለምጌጥ ኪሷን በእጇ ደለደለች።

«ለጥንቃቄ ነው።»

«ከየት አመጣሽው? ገበያ ላይ የለም።»

«ካንቺ በረንዳ። ማሰሮው ውስጥ ካለው። አሁን ጥሩምባውን ከመንፋቴ በፊት ቆረጥኩት።»

የሺሐረግ ቦርሳዋን አንሥታ ከመኪናው ወረደች። በሩን ከመዝጋቷ በፊት፣ ቅጠሉ በቂ ነው፣ ለሁለታችንም ይተርፋል፤ ብቻ ስትቆርጪ ከላይ ከላይ ቁረጪ፣ ሥሩን እንዳትነቅዪብኝ አለቻት።